ማርሹ ስንት ላይ ነበር?

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ፒያሳ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለካሊድ፣

ሰላምታዬ እዚያው ብርድ አገርህ ድረስ ይምጣልህ። የእኔም አምላክ የአንተም አላህ ይጠብቁህ፤ እነሱ እንደሆኑ ስለ እኛ ቤት ተጣልተው አያውቁም። የአንተ አያትና የእኔ እናት እህትማማቾች ሆነው አንዷ በቁርኣን አንዷ በመስቀል ሲመርቁን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ ምርቃቴን በሁለት እጅህ ተቀበል።

እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ሱቄ ግን ድልድዩ አጠገብ እስካሁን አለች፤ ምስማርና ሽቦ በኪሎ እሸጥባታለሁ። በስልክ ያልደወልኩልህ የቤቱ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ነው፣ ልጄ ሚኪያስ ከወዲያኛው ክፍል ሁሉን ይሰማል። በወረቀት ጽፌ ጎረቤቴ ናዝራዊት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። አታንብቢ ብያታለሁ። ታነባለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም 28 ቀን ሚኪያስ በሚኒባሷ ትንሽ አደጋ ደርሶበታል። ከጊዮርጊስ ወደ ድልድዩ ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለው። መንገዱ ሰፍቶ አምሮ የለ፣ ሁሉም እንደ ጥይት ነው የሚወርደው። መኪናዋ የመንገዱን ጠርዝ ዘላ አንድ የመብራት ምሰሶ ገነደሰች። ሰው ተጎድቷል። ከዚያ ሕዝቡ ልጄን በመስኮት ጎትቶ አወረደውና በድንጋይ፣ በጫማ፣ በያዘው ሁሉ ቀጠቀጠው። ሦስት ጥርሱ የለም። የግራ ጆሮው በአሥራ አንድ ስፌት ነው የተመለሰው። እኔ ከሱቄ ሮጬ ስደርስ ፊቱ የሰው ፊት አልነበረም። የሁለት ኪሎውን የሚዛን ብረት ይዤ ነበርና መሀላቸው ገባሁ፤ አንዱን ጎረምሳ ወደ መኪናው ሲሮጥ ጉልበቱን ብዬው ሲሰበር ሰምቻለሁ። እስካሁን ያነክሳል አሉ። እሰየው።

አሁን ልጁ በዋስ ተለቆ ቤት ነው፤ ቀጠሮው ኅዳር 20 ነው። ጠበቃው «የላቀ የአነዳድ ሥልጠና ወስዶ ወረቀት ቢያቀርብ የቅጣት ማቅለያ ይሆናል» ብሎኛል። ሁለት ቦታ አግኝቻለሁ። አንዱ አምስት ኪሎ ነው፣ ቢሮው ባለ መስታወት፣ ሦስት ቀን ብቻ ይፈጃል። ሌላው መብራህቱ የሚባል ሽማግሌ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ የሚያስተምረው ነው። አንተ እዚያ አውቶቡስ ነጂዎችን የምታሠለጥን ሰው ነህ፤ የትኛው እንደሚሻል ምረጥልኝ። ልጄ ደህና ነጂ እንዲሆን ነው የምፈልገው።

በሰላም አውለው አሳድረው ብዬ አደራህን ለሰማይ የሰጠሁ፣
አክስትህ ተናኘወርቅ

*

ጎተንበርግ
ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተናኘወርቅ፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ፈረቃዬን ጨርሼ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሚኪያስን አላህ ይማርልዎ። ጥርስ ይተካል፣ ጆሮም ተሰፍቷል፤ የቀረውን ደግሞ እሱ ያስተካክለው።

ስለ ሥልጠናው ከማውራቴ በፊት የራሴን ልንገርዎ። እዚህ ስቀጠር በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኜ አንድ ትልቅ ሀብሀብ አምጥቶ ከጎኔ ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ ቀበቶ አላሰረለትም። በሃምሳ ንዳ አለኝ፤ ነዳሁ። ቁም አለኝ፤ ፍሬኑን ረገጥኩ። ሀብሀቡ ተወርውሮ የፊቱን መስታወት መትቶ ፈነዳ። ፊቴም መሪውም ቀይ ሆኑ፣ ፍሬው ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ከኋላ የነበሩት ሳቁ። እኔ ወርጄ አስታወክሁ። ሰውየው ጨርቅ እያቀበለኝ «አሁን መማር ትችላለህ» አለኝ።

የላቀ ሥልጠና የሚባለው ይኼ ነው እንጂ በጠባብ መንገድ ፈጥኖ ማምለጥ አይደለም። እንዲያውም ፈጥኖ ማምለጥ የተማሩት ናቸው ቶሎ የሚገጩት፣ በራሳቸው ይተማመናሉ እኮ። ስለዚህ ሁለቱንም አሠልጣኞች አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ። «ሠልጣኝ ሲሳሳት ምን ታደርጋለህ?» ይበሏቸው። «አርመዋለሁ» ያለውን ይተዉት። «የተሳሳተበት ቦታ መልሼ እወስደዋለሁ» ካለ ሚኪያስን ለእሱ ይስጡት።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝ። ቁልቁለቱን ሲወርድ ማርሹ ስንት ላይ ነበር?

የተጎዳው ሰው ማን እንደሆነና አሁን እንዴት እንዳለም ይጻፉልኝ።

እጅ ነሥቻለሁ፣
ካሊድ

*

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለካሊድ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። የሀብሀቡን ነገር ለናዝራዊት ነግሬያት ስቃ ልትሞት፤ ነግሬያት ስልህ፣ ቀድማ አንብባው ነበር።

እንዳልከው ሁለቱንም ጠየቅሁ። የአምስት ኪሎው ሰው ከረባቱን እያስተካከለ «በትሕትና እናርማለን» አለኝ። መብራህቱ ጋራዥ ጓሮ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። በወታደርነቱ ጥይት ጭኖ ሲነዳ ፈንጂ አንድ ጆሮውን ወስዶበታል፣ ሁለት ጊዜ ጮኼ ነው የሰማኝ። «እዚያው መልሼ እወስደዋለሁ» አለና ምራቁን ተፋ። ቀጥሎ ስድስት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ የፍሬን ሸራ ከመፍታት እንደሚጀምር፣ ወረቀት የሚባል ነገር ደግሞ እንደማይሰጥ ነገረኝ። ስድስት ሳምንት ከየት ላምጣ? ቀጠሮው ደረሰ። ያለ ወረቀት ዳኛው ፊት የመብራህቱን ምራቅ ላቀርብ ነው? ልጁን አምስት ኪሎ አስመዝግቤዋለሁ። ምክርህን አልናቅሁም፤ ጊዜ ነው የናቀው።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ የተጎዳችው ልጅ ወንድም ሱቄ መጣ። ሱፊያን ይባላል። እንደገባ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠ፤ ምስማሩ ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሂድ ስለው ደረቴን ገፈተረኝና በእጄ ስወድቅ አንዱ ምስማር መዳፌን በስቶ በጀርባው ወጣ። ተንበርክኬ ሳወጣው ቆሞ ያየኝ ነበር። «ልጅሽን እዚያው ምሰሶ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ምሰሶው እስኪተከል ነው የምጠብቀው» አለኝ። ምሰሶው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ተተክሏል። ሚኪያስ ከቤት አይወጣም፣ እኔም በሩን በሦስት ቁልፍ ነው የምዘጋው። እናትህ ሰምታ ይሆናል፤ ስትጽፍላት ሰላም በልልኝ።

አሁን የምጠይቅህ ወረቀት ነው። አንተ ባለሙያ ነህ። «ፍሬን አንዳንድ ጊዜ ያለ ምንም ምክንያት፣ ያለ ነጂው ጥፋት እምቢ ሊል ይችላል» ብለህ በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ። ማኅተም ካለህ ምታበት። ለዳኛውም፣ ለልጅቷ ወገኖችም አሳያለሁ፤ ነገሩ የብረት ጥፋት መሆኑን ሲያውቁ ይበርዳሉ።

እጄ ስለታሰረ ጽሕፈቴ ከፍቷል፣ ይቅር በለኝ።

አክስትህ ተናኘወርቅ

*

ጎተንበርግ
ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተናኘወርቅ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ለመዳፍዎም ምሕረት ይላክለት።

እናቴን ደውዬ ጠየቅኋት። «ተጎዳች» የሚባለው ሞታ ለተቀበረች ልጅ አይደለም። ሀኒፋ ነው ስሟ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ ኡመር ድልድዩ አጠገብ ልብስ ይሰፋል፣ ምሳውን ይዛለት ነበር የምትሻገረው። ምሳ ዕቃው እንደ ቆርቆሮ ተዳምጦ ነው ለአባቷ የተሰጠው። ይህን ሁሉ እርስዎ በመቶ እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው ያዩ ሰው ነዎት፣ እኔ ግን ከእናቴ መስማት ነበረብኝ።

ሌላም አለ። ወደ መኪናው ሲሮጥ ጉልበቱን የሰበሩት ጎረምሳ ሚኪያስን ሊመታ አልነበረም የሚሮጠው። ሱፊያን ነው እሱ። እህቱን ከጎማው ሥር ሊያወጣ ነበር። በደረቱ እየተሳበ ነው የደረሰው። እስኪደርስ ድረስ በሕይወት ነበረች ይላሉ፣ ሲደርስ ግን አልነበረችም። እኔ ይህን ከሰማሁ ወዲያ «እሰየው» ብለው የጻፉትን መስመር ማየት አልቻልኩም።

የጠየቁኝን ወረቀት አልጽፍም። ውሸት ነው። ፍሬን ያለ ምክንያት እምቢ አይልም። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሲሆን ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ይጮሃል፣ ግን ይይዛል። ማርሹ ዜሮ ሲደረግ ግን ያ ሁሉ ክብደት፣ ያ ሁሉ ሰው፣ በፍሬን ሸራ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ሸራው ይግላል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል እንጂ ምንም አይዝም። ነጂው እግሩ እስኪሰበር ቢረግጠውም ለውጥ የለውም።

አሁንም እጠይቅዎታለሁ። ማርሹ ስንት ላይ ነበር?

ካሊድ

*

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ
ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካሊድ፣

ሰላምታ የለኝም፣ ስለዚህ አልልክልህም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚሉት እውነት ነው። ናዝራዊት ደብዳቤዬን ብታነብም ቢያንስ ቁስሌን አጥባልኛለች። አንተ በበረዶ አገር ተቀምጠህ ዳኛ ሆንክብኝ። አምስት ኪሎ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ከፊት ወንበር አስቀምጬ በነፃ ያመላለስኩህ እኔ ነኝ። ባሌ ገብረአብ ሞቶ ሚኒባሷን ራሴ ስይዝ «ሴት ሹፌር» እያሉ ሲተፉብኝ፣ አንዱን ረዳት በክሪክ ብረት ጥርሱን ሳረግፍ አይተሃል። ልጄን በዚያ መሪ ነው ያሳደግሁት። አንተ ደግሞ ስንት፣ ስንት፣ ስንት እያልክ ትጠይቀኛለህ።

የሱፊያንን ጉልበት እኔ እንደሰበርኩት አውቄዋለሁ። ሱቄ ሲመጣ አነካከሱን አይቼ ነው ያወቅሁት። ስገፈተር ያልመታሁት ለምን ይመስልሃል? እጄ እኮ አጭር አይደለም።

ለወሬ ከጓጓህ ወሬውን እንካ። ሚኪያስ አምስት ኪሎ ሁለት ቀን ተማረ። በሦስተኛው ቀን ባለ ከረባቱ በሰሌዳ ላይ ቁልቁለት ስሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀው። ልጄ መለሰ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ሚኪያስ ከፊቱ የሳቀውን ልጅ አንገቱን ይዞ ፊቱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው፤ ደግሞ አጋጨው፤ አራት ሰው ነው ያላቀቀው። ወረቀቱ ቀረ። ከዚያ የተሰባበረችው ሚኒባሳችን የቆመችበት ግቢ ሄደና በብረት ዘንግ ወረደባት። መጀመሪያ የማርሹን እጀታ ነው የሰበረው፣ ከዚያ መስታወቱን፣ ከዚያ ወንበሮቹን። እጁ ደም በደም ሆኖ ሲገባ «ምነው ልጄ» ብለው ፊቴን አላየም። ከዚያን ቀን ወዲህ አያናግረኝም።

የኅዳር 20 ቀጠሮ ለየካቲት ተዛውሯል። ሽማግሌዎች ደግሞ ለደም እርቅ ይነጋገሩ እያሉ ነው፤ የእኛም ወገን ከጉራጌ አገር ሁለት ሽማግሌ ልኳል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም እላለሁ። አንተም ከእንግዲህ አትጻፍልኝ።

ተናኘወርቅ

*

ጎተንበርግ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ተናኘወርቅ፣

ሰላምታዎን ቢነፍጉኝም እኔ እልካለሁ፤ ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለሚኪያስ። አትጻፍ ብለውኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ታዘዝኩ፣ ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም።

አስተማሪው ሚኪያስን የጠየቀው ጥያቄ ምን እንደነበር አልጻፉልኝም። ገብቶኛል። መልሱም ገብቶኛል።

ያንን ጥያቄ ከመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጀምሮ ስጠይቅዎ መልሱን የማላውቅ መስዬ ነበር፤ እሱ የእኔ ውሸት ነው። ከፊት ወንበር ተቀምጬ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ጊዮርጊስን እንዳለፍን እጅዎ ወደ ማርሹ ይሄድና ዜሮ ያደርጉታል። ሞተሩ ዝም ይላል፣ መኪናዋ እንደ ውሃ ትፈስሳለች። «ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው፣ አያስከፍልም» ይሉ ነበር። ሚኪያስ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ከእርስዎና ከእኔ መሀል ተጨናንቆ ይቀመጥ ነበር። እሱም አብሮ ይለው ነበር፤ እኔም እለው ነበር። ቆንጆ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

እዚህ መጥቼ በመጀመሪያው ቁልቁለት እጄ በራሱ ወደ ዜሮ ሄደ። አሠልጣኜ በቡጢ ክንዴን መትቶ ማርሹን መለሰው። ለአንድ ሳምንት ክንዴ ጥቁር ሆኖ ነበር። ያኔ ደውዬ ልነግርዎ አስቤ ነበር። አክስቴን መንዳት ላስተምር ነው ብዬ አፈርኩ። አሥራ አራት ዓመት አፈርኩ። ያች ልጅ የሞተችው በእርስዎ ማስተማርና በእኔ ማፈር ነው። ሚኪያስ የረገጠው ፔዳል ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ፊት ምን እንደሚሉ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ግን እውነቱን በእጄ ጽፌልዎታለሁ፤ ከፈለጉ ያሳዩት፣ ስሜም አለበት።

ካሊድ

*

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለካሊድ፣

አንተን የወለደች ማሕፀን ትባረክ። ባለፈው የነፈግሁህን ሰላምታ ከወለዱ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ተቀብለህ ይቅር በለኝ። ናዝራዊት ይህን እያነበበች ታነሣዋለች፣ ታንብብ። ከእንግዲህ የምደብቃት ነገር የለኝም።

ጥር 4 ቀን በኡመር ቤት ተሰበሰብን። የእነሱ ወገን በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላ በኩል ሆንን፤ በእኛ አገር ሥርዓት ደም ያለበት ሰው ፊት ለፊት ስለማይታይ ሚኪያስ መጋረጃ ጀርባ ነበር የተቀመጠው። ሱፊያን በር ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ጋሽ ኡመር ቀጭን ሽማግሌ ነው፣ መርፌ ሸሚዙ ላይ እንደተሰካ ነበር የተቀመጠው። ሽማግሌዎቹ ስለ ካሳ ሊያነሡ ሲሉ እጁን ዘረጋና «ልጄን አልሸጥም። አንድ ነገር ነው ማወቅ የምፈልገው። መኪናው ለምን አልቆመም?» አለ።

የእኛ ሽማግሌ «ፍሬን እምቢ ብሎ ነው» አሉ። «እንግዲያው ይማሉልኝ» አለ ኡመር። የእኛን መሐላ ታውቃለህ። ያወቁትን ደብቀው የማሉበት ቤት እስከ ሰባት ትውልድ አይበረክትም፣ ላሟ ትነጥፋለች፣ ልጁ ይኮላሻል ይባላል። ከመጋረጃው ጀርባ ሚኪያስ «እኔ እምላለሁ» ሲል ሰማሁት። ሁለት ወር ያህል ያላናገረኝ ልጅ እኔን ለማዳን ሰባት ቤት ሊያፈርስ ነበር። የወለደ አልጸደቀም ይላሉ፤ የተወለደስ ምን በደለ?

ተነሣሁ። «አይምልም። ማርሹ ዜሮ ላይ ነበር። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ነው ያስተማርኩት፤ አዋቂ ሆኖ ማርሽ አስገብቶ ሲወርድ ነዳጅ ታቃጥላለህ ብዬ በጥፊ መትቼዋለሁ» አልኩ። የሱፊያንን ጉልበትም የሰበርኩት እኔ መሆኔን፣ ከጎማው ሥር ሊያወጣት መሆኑን ሳላውቅ መሆኑን ተናገርኩ።

ሱፊያን እያነከሰ መጣ። ማንም አልያዘውም። ዱላውን አፌ ላይ አሳረፈው። ወደቅሁ። ሁለት ጥርስ ምላሴ ላይ ሲንከባለል ተሰማኝ፤ ከልጄ ጋር በአንድ ነው የምንበላለጠው። እጄን አላነሣሁም። ሁለተኛ ሲያነሣ ደሜ በሰጋጃው ላይ እየፈሰሰ ወደ ላይ አየሁት፤ እያለቀሰ ነበር። ያን ጊዜ ኡመር «በቃ» አለ። ጮክ ብሎ አልነበረም።

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «መማር የነበረበት ልጅሽ አይደለም፣ አንቺ ነሽ» አለኝ። «ሂጂ ተማሪ። እስክትችይ ተማሪ። ስትችይ እኔን ከጎንሽ አስቀምጠሽ ያንን ቁልቁለት ታወርጂኛለሽ። ካሳዬ እሱ ነው።» ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ካሳ ሰምተን አናውቅም ብለው ተያዩ። እሱ መርፌውን ነቅሎ መልሶ ሰካ።

በማግሥቱ ለመርማሪው ሄጄ እውነቱን አስመዘገብኩ። አንቺን የምንከስበት የለም አሉኝ፤ ቢኖራቸው በወደድኩ። የሚኪያስን ቅጣትም አላቀለለውም፣ በየካቲት ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ተፈርዶበታል። ሲወስዱት ግን ዞሮ «እማ፣ አፍሽን በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ» አለኝ። አናገረኝ እኮ ካሊድ።

መብራህቱ ጋ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ተመዘገብኩ። ወረቀት እንደማይሰጥ ደግሞ ነገረኝ፣ ማን ጠየቀህ አልኩት። የመጀመሪያ ሳምንት መሪ አልነካሁም፤ ዘይት ውስጥ ተቀምጬ የፍሬን ሸራ ስፈታና ስገጥም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በአሮጌ ፒክአፕ አንድ ረጅም ቁልቁለት በዜሮ አስወረደኝና ከታች ጎማውን ፈቶ መዳፌን ወደ ሸራው አስጠጋው። የምስማሩ ጠባሳ ላይ ተላጠ። «ይኼ ነው የልጅቷ ሞት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማርሽ አስገብቼ ስወርድ እጄ በራሱ ወደ ዜሮ ይሄዳል፣ የሃያ ስምንት ዓመት ልማድ ነዋ፤ በሄደ ቁጥር ጣቶቼን በመፍቻ ይላቸዋል። ጥፍሬ ጠቁሮ ወልቋል። በአምስተኛው ሳምንት እጄ መሄዱን ተወ። መጨረሻ ላይ እንዳለው መልሶ እዚያው ወሰደኝ። ሦስት ጊዜ በቦታው አሳለፈኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ ፊቴን አዞርኩ። «ፊትሽን ካዞርሽ አልተማርሽም» ብሎ በአራተኛው አገጬን ይዞ አሳየኝ። ምሰሶው አዲስ ነው። ከሥሩ የአስፋልቱ ጠርዝ እንደተሰበረ ነው።

መጋቢት 6 ቀን ከአንዱ ጎረቤት ሚኒባስ ተውሼ ጋሽ ኡመርን ከጊዮርጊስ ጫንኩት። እሱም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ፤ ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቋል። ከፊት ወንበር ተቀመጠ፣ አንተ ትቀመጥ የነበረበት። ቀበቶውን አሰርኩለት፣ ሀብሀቡን አስቤ ነው። ሌላ አንድም ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና ለቀቅሁ። ሞተሩ ጮኸ። ከኋላ ያሉት ክላክስ ነፉብን፣ አንዱ በጎን አልፎ እናቴን ሰደበ። ድሮ ቢሆን ወርጄ መስታወቱን አራግፍለት ነበር። መሪዬን ያዝኩ። ሞተሩ ቁልቁለቱን ሁሉ እየጮኸ መኪናዋን ይዞ ወረደ፣ እግሬ ፍሬኑን የነካው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ኡመር እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ብቻ ያያል። ምሰሶው ታየኝ። ፊቴን አላዞርኩም። የት ማቆም እንዳለብኝ አልነገረኝም ነበር፣ እኔም አልጠየቅሁትም፤ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ይሆናል እያልኩ ነበር የማስበው።

ምሰሶው ጋ ልንደርስ አሥር እርምጃ ሲቀረን፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ፣ ድምፁን ሳያነሣ «ወራጅ አለ» አለኝ።

ቆምኩ።

አክስትህ ተናኘወርቅ